የወደቀው ከየት ነው?

በአማርኛችን ፈተና ያላለፈ ተማሪ «ወደቀ» ይባላል። ቃሉ ከልጅነታችን ጀምሮ በጆሯችን ስለኖረ ክብደቱ አይሰማንም። እስቲ ሌላ የት የት እንደምንጠቀምበት እናስተውል። ጦር ሜዳ የሞተ ጀግና ወደቀ ይባላል። ዘመኑ ያበቃ መንግሥት ወደቀ ይባላል። ሀብቱ የተሟጠጠ ነጋዴ፣ ጧሪ ያጣ ሽማግሌ፣ ከወንበሩ የተነሣ ሹም፣ ሁሉም ወደቁ ይባላሉ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅም «ቢ»ን ማጥቆር ሲገባው «ሲ»ን አጥቁሮ በመገኘቱ ከእነዚህ ሁሉ ጋር በአንድ ግሥ ይጠራል። «ፈተና» የሚለው ቃልም ቢሆን ከዚህ የቀለለ አይደለም። ወርቅ በእሳት ይፈተናል። ቅዱሳን በገድላቸው ተፈትነዋል። ምእመናን ወደ ፈተና እንዳይገቡ ጠዋት ማታ ይለምናሉ። ያው ቃል ነው በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ቀንና ሰዓት ተጽፎለት የሚጠብቀን። እንግዲህ ልጁ ወረቀቱን ሲቀበል ከሒሳብ ችሎታው አልፎ ሰውነቱ ጭምር የሚመዘን ቢመስለው ምን ይገርማል? ቋንቋው አስቀድሞ ነግሮታል።

ይህን ያነሣሁት በቃላት ለመራቀቅ አይደለም። የእህቴ ልጅ በ2018 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት መጨረሻ ትምህርት ቤቷ ባዘጋጀው የሒሳብ ፈተና ከመቶ 34 አመጣች። እስከዚያ ድረስ በክፍሏ ከመካከለኞቹ በላይ የምትቆጠር ልጅ ነበረች። ውጤቱን ካየች በኋላ ሁለት ቀን ምግብ በወጉ አልቀመሰችም። እናቷ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ምንም ማለት አይደለም» አለቻት። አባቷ ደግሞ «ድሮስ ስልክ ላይ ተደፍቶ የሚያድር ሰው ሌላ ምን ሊያመጣ ኖሯል!» አለ። እኔ ዘንድ የደረሰው ጥያቄ ከሁለቱም በኋላ ሳይመለስ የቀረው ነው፦ «ጋሼ፣ በቃ ዩኒቨርሲቲ መግባቴ ቀረ ማለት ነው?»

እናትየዋም አባትየውም የተናገሩት ከፍቅር እንደሆነ አልጠራጠርም። ሆኖም ሁለቱም ለልጅቷ ጥያቄ መልስ አልሰጡም። እናቲቱ ፍርሃቱን ለማጥፋት ስትል ነገሩን ራሱን አጠፋችው። አባትየው ነገሩን ትቶ ልጅቷን ከሰሰ። በመካከል የቀረው ከባድ ጥያቄ ይህ ነው። ለፈራ ሰው ምን ያህል እውነት ይነገረዋል? ሐኪሞች ይህን ጥያቄ ከኛ ይበልጥ ያውቁታል። እኛ ግን በየቤታችን፣ በየዓመቱ ሰኔ በመጣ ቁጥር፣ ሳናስብበት እንመልሰዋለን። በኔ አስተያየት የፈራ ልጅ ከማጽናኛ በፊት የፍርሃቱን ልክ የማወቅ መብት አለው። የሚያስፈራው ነገር ስንት ክንድ እንደሆነ ሳይነገረው «አትፍራ» የተባለ ሰው ፍርሃቱን ለብቻው ይዞት ይቀራል እንጂ አይጥለውም።

ታዲያ ልኩ ምን ያህል ነው? እውነቱን ለመናገር ትንሽ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ የማለፊያው ልክም ከጠቅላላ ውጤቱ ግማሽ እንዲሆን ተደረገ። የመጀመሪያው ዙር ውጤት በጥር 2015 ዓ.ም. ሲነገር አገር ደነገጠ። ወደ 896 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች ግማሹን ያገኙት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ አለፉ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየዓመቱ ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። አኃዝ በወረቀት ላይ ቀዝቃዛ ነው። መቶ ልጆች የተቀመጡበትን ክፍል ግን በዓይነ ኅሊናችሁ ሣሉትና ሦስቱ ተነሥተው ሲወጡ፣ ዘጠና ሰባቱ ባሉበት ሲቀሩ ተመልከቱ። ልጆቻችን ይህን ቁጥር ከኛ ቀድመው በስልካቸው አንብበውታል። እናት «ምንም ማለት አይደለም» ስትል ልጅቷ የምትሰማው «እናቴ አላወቀችም» የሚል ነው። ከዚያ በኋላ የእናትየዋ ቃል በሌላ ጉዳይም ዋጋው ይቀንሳል።

የፍርሃቱ ልክ ግን አንድ ሌላ ወገን አለው። የእህቴን ልጅ ያስለቀሳት ፈተና ብሔራዊው አይደለም፤ የትምህርት ቤቷ ነው። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ ተግባራቸው የተለያየ ነው። ብሔራዊው ፈተና በር ነው። ዘበኛ ቆሞበታል፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል። የትምህርት ቤቱ ፈተና መስተዋት ነው፤ ወይም መስተዋት መሆን ነበረበት። መስተዋት ፊት ቆሞ ፊቱ ላይ ጥላሸት ያየ ሰው ይታጠባል እንጂ «መግባት ተከለከልኩ» ብሎ አያለቅስም። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የብሔራዊው ፈተና ውጤት ነው። እዚያም ቢሆን የሚታየው ድምሩ ስለሆነ በሒሳብ የጎደለው በባዮሎጂ ወይም በእንግሊዝኛ ሊካካስ ይችላል። ስለዚህ የጥር ወር 34 ምንም የዘጋው በር የለም። ይህን ስነግራት ትንሽ ቀና አለች።

ነገር ግን መስተዋቱን እንይ ብንል የሚታይበት አልተገኘም። ወረቀቷን አልመለሱላትም ነበር። የተነገራት ቁጥሩ ብቻ ነው። ይህ የአንድ ትምህርት ቤት ልማድ ቢሆን ባላነሣሁት። በብዙ ቦታ ፈተና የሚሰጠው ለማርክ ነው፤ ማርኩ ከተመዘገበ ወረቀቱ ወደ መጋዘን ይሄዳል። የተሳሳተው ልጅ ምን እንደተሳሳተ ሳያውቅ መሳሳቱን ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። መስተዋቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ «አስቀያሚ ነህ» ማለት ከዚህ በምን ይለያል?

ደግነቱ መምህሯ ሰው ነበሩና ጠይቃቸው ወረቀቱን ለአንድ ቀን አዋሷት። አብረን ተቀመጥን። የፈተናው ርእስ ካልኩለስ ነበር። እኔ ካልኩለስን ካየሁት ዘመን ስላለፈኝ እሷው እያስረዳችኝ ስንሄድ አንድ የሚገርም ነገር ተገለጠ። አዲሱን ትምህርት ታውቀዋለች። መንገዱን በትክክል ትጀምርና መሐል ላይ ክፍልፋይ ሲመጣ ትስታለች። ክፍልፋይ ለክፍልፋይ ማካፈል ሲሆን በግምት ታልፈዋለች። ይህ የስድስተኛ ክፍል ትምህርት ነው። «የስድስተኛ ክፍል መምህርሽ ማን ነበሩ?» ብዬ ስጠይቃት ቆጠርነው። እሷ ስድስተኛ ክፍል የነበረችው በ2012 ዓ.ም. ነው። በመጋቢት ወር በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከስምንተኛና ከአሥራ ሁለተኛ በስተቀር ተማሪው ሁሉ ወደሚቀጥለው ክፍል አለፈ። «አለፈች» ተባለች ማለት ነው። ልጅቷ የወደቀችው በ2018 ዓ.ም. ጥር ላይ ሳይሆን ካለፈችበት ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ነበር፤ ስትወድቅ ግን ያየ አልነበረም። ከሳምንት በኋላ ቤታቸው ስሄድ ከጎረቤት ልጅ የተዋሰችውን የስድስተኛ ክፍል መጽሐፍ አገኘሁባት። ታናሽ ወንድሟ እንዳይስቅባት በጋዜጣ ሸፍናዋለች።

እዚህ ላይ ታሪኩ በደስታ ያለቀ ይመስላል፤ ለኔ ግን አላለቀም። መስተዋቱን ብናስተካክል በሩ አሁንም እዚያው ቆሟል። የጥንት ሮማውያን ዘመን ፈላስፋ ኤፒክቴተስ፣ ባሪያ ሆኖ የተወለደውና በኋላ በኒኮፖሊስ ያስተማረው ማለቴ ነው፣ በእጃችን ያለውንና ከእጃችን ውጪ ያለውን ለይቶ ማወቅ የነፍስ ሰላም መጀመሪያ እንደሆነ ያስተምር ነበር። በዚህ ትምህርት መሠረት ማጥናት በልጅቷ እጅ ነው፤ ማለፍ ግን በእጇ አይደለም፤ ስለዚህ ስለ ማለፍ አትጨነቅ። ለረጅም ጊዜ ይህን አስተሳሰብ ወድጄው ኖሬያለሁ። አሁን ግን አንድ ነገር ያጥርብኛል። ኤፒክቴተስ ከእጃችን ውጪ የሆነውን ሁሉ እንደ ዝናብና እንደ ሞት አድርጎ ይቆጥረዋል። የማለፊያ ነጥብ ግን ከሰማይ የሚወርድ ነገር አይደለም። ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ያሰመሩት መስመር ነው።

መስመሩ ደግሞ ሲንቀሳቀስ ኖሯል። በማትሪክ ዘመን የተፈተንን ሰዎች እንደምናስታውሰው ማለፊያው ሁለት ነጥብ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ግን ከዚያ በላይ ነበር፤ ምን ያህል በላይ እንደሆነ የሚወስነውም በዚያ ዓመት የተገኘው ቦታ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። ሌላው ኮሌጅ ነው። በኋላ ዩኒቨርሲቲዎቹ በዙ፤ የመንግሥቶቹ ብቻ ዛሬ ከአርባ በላይ ናቸው። መስመሩም እንደ ቦታው ብዛት ከፍ ዝቅ ሲል ቆይቶ በ2014 ዓ.ም. ግማሽ ላይ ተተከለ። እንግዲህ አንድ ዓይነት ዕውቀት ያላቸው ሁለት ልጆች፣ አንዱ በአንድ ዓመት ሌላው በሌላ ዓመት በመወለዳቸው፣ አንዱ «ያለፈ» ሌላው «የወደቀ» ሆነዋል። መስመር መኖር የለበትም እያልኩ አይደለም። ወንበሩ ውስን ነው፤ ውስን ነገር በሆነ መንገድ መከፋፈል አለበት፤ በዘመድ ከሚከፋፈል በፈተና ቢከፋፈል ይሻላል። ፈተናን የሚንቁ ሰዎች በምትኩ ምን እንደሚመጣ አስበውበት አያውቁም፤ ስልክ ደዋይ ያለው ሰው ነው የሚገባው። ነገር ግን «ለአንተ የሚሆን ወንበር አልተገኘም» እና «አንተ አትረባም» ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። የውጤት ወረቀቱ የሚናገረው የመጀመሪያውን ነው። ቤተ ሰብ፣ ጎረቤትና ዘመድ አዝማድ የሚያነብበው ሁለተኛውን ነው።

የቀድሞው የቤተ ክህነት ትምህርት ይህን ችግር በሌላ መንገድ ይዞት ነበር። የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ድረስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ ያልቀናው ወዲያው እዚያው ይታረማል፤ ነገም ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። አንዱ በዓመት የጨረሰውን ሌላው በሦስት ዓመት ይጨርሰዋል። የዘገየው ሰው ዘገየ ይባል ይሆናል፤ በአንድ ቀን ውጤት ከጉባኤው የሚያስወጣው ግን አልነበረም። ያን ሥርዓት አሳምሬ ለማቅረብ አልፈልግም። ረሀብ ነበረበት፣ ቁፋሮ ለምኖ ማደር ነበረበት፣ አርጩሜ ነበረበት፣ ሴት ልጅም እምብዛም አትገኝበትም። ጊዜን የልጁ አገልጋይ ማድረጉን ብቻ ነው ልብ በሉልኝ የምለው። በዘመናዊው ትምህርት ልጁ የጊዜ አገልጋይ ነው። ሰኔ ሲደርስ ያልበሰለው ሁሉ ጥሬ ተብሎ ይጣላል።

የወደቁ ልጆችን ለማጽናናት በአገራችን የሚዘወተር አንድ ተረት አለ። «አይንስታይን እንኳ በሒሳብ ይወድቅ ነበር» ይባላል። ውሸት ነው። አይንስታይን ከልጅነቱ ጀምሮ ሒሳብ የተካነ ነበር። እውነተኛው ታሪክ ግን ከተረቱ ይልቅ የሚጠቅም ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1895 በስዊዘርላንድ የዙሪክ ፖሊቴክኒክ የመግቢያ ፈተና ተፈትኖ አላለፈም። ዕድሜው 16 ዓመት ነበር፤ ከተለመደው የመግቢያ ዕድሜ በሁለት ዓመት ያንስ ነበር። ሁለተኛ ደረጃንም አልጨረሰም። በሒሳብና በፊዚክስ ጥሩ ውጤት አምጥቶ በሌሎቹ ትምህርቶች ጎደለው። ያን ጊዜ የፖሊቴክኒኩ ኃላፊ ወደ ቤቱ አላሰናበቱትም፤ አራው በምትባል ከተማ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ሄዶ ትምህርቱን እንዲጨርስ መከሩት። አንድ ዓመት ተማረ። በ1896 ዲፕሎማውን ይዞ ያለ ተጨማሪ ፈተና ፖሊቴክኒክ ገባ።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ስለ ልጁ ጭንቅላት ያወሩናል። እኔን የሚገርመኝ ትምህርት ቤቱ ነው። አይንስታይንን ከወደቀበት ያነሣው ሁለተኛ በር ነው። በሩ ደግሞ የታወቀ፣ ክብር ያለው፣ ልጁ አንገቱን ሳይደፋ የሚገባበት ነበር። ሊቅ ያልሆኑ ልጆችም በዚያው ገብተው ተምረዋል፤ የነሱን ስም ስለማናውቅ ብቻ ነው ታሪክ የማይሆኑት።

የኛ ሁለተኛ በር የት ነው? ገንዘብ ላለው ሰው ሁልጊዜም ነበር። ልጁን ውጭ አገር ይልካል። ለሌላው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማካካሻ ትምህርት፣ ሪሚዲያል የሚባለው፣ ተጀምሯል። በመጀመሪያው ዓመት ግማሽ ያላመጡ ከ100 ሺህ በላይ ተማሪዎች በዚህ በኩል እንዲገቡ ተወሰነ። ብዙ ሰው ይህን በር ይንቀዋል። «የሪሚዲያል ልጅ» ሲባል የሚሰማውን የድምፅ ቅላጼ ታውቁታላችሁ። እኔ ግን መንግሥት በትምህርት ጉዳይ ከሠራቸው ነገሮች ሰብአዊነት ያለው ይህ ነው ባይ ነኝ። ለልጁ «ገና ነህ» ይለዋል፤ «ወደቅህ» ከማለት በጣም ይሻላል። የበሩን ጥበት ግን ልብ በሉ። በዚያ ዓመት ወደ 896 ሺህ ከሚጠጉት ውስጥ በዋናውም በሁለተኛውም በር ያልገቡት ከሰባት መቶ ሺህ በላይ ነበሩ። ቴክኒክና ሙያ አለ፣ በግል ተመዝግቦ ዳግመኛ መፈተን አለ፤ ሆኖም የኛ ቤተ ሰብ ብየዳ የሚማር ልጁን በኩራት ለእንግዳ የሚያስተዋውቅበት ቀን ገና አልመጣም። ልጁ የሚፈራው ብየዳውን አይደለም፤ ያንን ዝምታ ነው።

እዚህ ላይ ፍርሃቱ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች የተዛወረበት ምክንያት ኩረጃና የፈተና ስርቆት መሆኑ ይታወቃል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ አገር አቀፍ ፈተናው ተሰርዞ በሌላ ጊዜ እስከ መሰጠት ደርሶ ነበር። በየክፍሉ ደግሞ ኩረጃ ስሙን ቀይሮ «መረዳዳት» ይባል ነበር። ወረቀቱን የሸፈነ ልጅ ስስታም፣ ያሳየ ልጅ ለጋስ ተባለ። ነገሩ ከውጭ ሲታይ ደግነት ይመስላል። ጎረቤት ወጡ ሲቃጠልበት ዝም የማይል ሕዝብ ጓደኛው ሲጨነቅ ዝም ይላልን? ችግሩ ወንበሮቹ የተቆጠሩ መሆናቸው ነው። አንዱ በተሰጠው መልስ ሲገባ ሌላ የማናየው ልጅ፣ ምናልባት መብራት በሌለበት ወረዳ በኩራዝ ያጠና ልጅ፣ ይቀራል። ደግነታችን ፊቱን ለምናየው ሰው ነው፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ፊቱን የማናየው ነው። ክፉ ሰው የሠራው ቢሆን ኖሮ ማውገዝ በቀለለን። የሚሠሩት ግን የፈሩ ልጆችና የፈሩ ወላጆች ናቸው። አንድ በር ብቻ እንዳለ ያመነ ሰው በበሩ ለመግባት የማያደርገው የለም።

በዚያው በ2018 ዓ.ም. አንድ ጎረቤቴ መንገድ ላይ አስቆመኝ። የሰፈር ባለ ሱቅ ነው። ሳላውቅ አሥር ብር ትርፍ ሰጥቼው ብሄድ በማግስቱ ልጅ ልኮ የሚመልስልኝ ሰው ነው። አንድ ወንድ ልጅ አለው፤ 12ኛ ክፍል ነበር። ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በቴሌግራም የፈተናውን መልስ አስቀድመው የሚሸጡ ሰዎች እንዳሉ ሰምቶ እንደሆነ ነገረኝ። «አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ የትኛው እውነተኛ እንደሆነ ታውቅ እንደሆነ ብዬ ነው» አለኝ። አብዛኞቹ ገንዘብ በልተው የሚጠፉ አጭበርባሪዎች እንደሆኑ ነገርኩት። ይህን ያውቃል። «እውነተኛ ቢሆንስ ትገዛለህ ወይ?» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። ሱቁ በር ላይ የቆመች ሴትዮ ስኳር ፈልጋ ትጠብቅ ነበርና ወደ እሷ ሄደ። ሚዛኑን ሲያስተካክል አየሁት፤ ከኪሎው በላይ ትንሽ ጨመረላት።